ትራሱን የቀረጽኩት እኔ ነኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ረጋ ብዬ። ጸሐፊው የተማሪዎችን ቴአትር ሊያዩ ገብተው ከተዋናዮቹ ይልቅ ስክሪን ሲያዩ እንዳመሹ ጽፈዋል። ካሜራ ተሸክመው መድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ልጆች ዓይናቸውን በጥብጠዋቸዋል። ነገሩን አዲስ ፋሽን ብለውታል። የግድ ከሆነም ቀራጮቹ ጥቁር ለብሰው ከመጋረጃ ጀርባ ይደበቁ ብለው መክረዋል።

ያዩት ሥራ የኛ አይደለም፤ ከጠቀሱት ታሪክ ገብቶኛል። እኔ ግን ወዲያ ወዲህ ከሚሉት አንዷ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት የፊልም ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ከቴአትር ተማሪዎች ጋር አንድ ሥራ ሠርተን አምስት ምሽት ታየ። ስለዚህ የምለው አለኝ። በተለይ ስለ መደበቁ።

ፋሽን የሚለውን ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1923 የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሰርጌይ አይዘንስታይን ሞስኮ ውስጥ ላዘጋጀው ቴአትር አጭር ፊልም ቀርጾ በትርዒቱ መሃል አሳይቷል። በሕይወቱ የሠራው የመጀመሪያ ፊልም እሱ ነው፤ ሰውዬው ወደ ሲኒማ የገባው በመድረክ በር ነው ማለት ነው። በርሊን ውስጥ የቴአትር አዘጋጁ ኤርዊን ፒስካቶርም በ1920ዎቹ ከተዋናዮቹ ጀርባ እውነተኛ የጦርነት ፊልም ያሳይ ነበር። መቶ ዓመት የሞላው ፋሽን፣ ፋሽን መባሉ ይቅርበት።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ ልምጣ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ወንድማማቾች ሳሎን ውስጥ በቤት ውርስ ይጣላሉ። እናታቸው ግን አልሞተችም። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አልጋ ላይ ናት። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ትሰማለች። ተመልካች በዓይኑ የሚያየው ሳሎኑን ብቻ ነው። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ በእውነት ሠራነው፤ አልጋ፣ ትራስ፣ አንድ የራስጌ መብራት። ከሳሎኑ በላይ ስክሪን ተሰቅሏል። እናትየው የምትታየው እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቡ የአዘጋጇ ነው፤ የቴአትር ተማሪ ናት። "ቴአትር ቤት ሰው ዓይኑን የሚጥለው የሚናገረው ላይ ነው" አለችን በመጀመሪያው ስብሰባ። "እኔ ደግሞ የምትሰማዋን ሴት ፊት ነው ማሳየት የምፈልገው።" በቃ፣ እዚያው ተሸነፍኩ። እኔ ካሜራ የወደድኩት ለዚህ ነው። ሲሰድቡት ዝም ያለ ሰው ፊት ላይ የሚሆነውን ነገር ከአሥረኛው ረድፍ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ግን ተማሪ ነንና የጀመርነው በስህተት ነው። እናትየውን ቀድመን ቀረጽናት።

ሁለት ቀን ሙሉ ቀረጽናት። እናትየውን የምትጫወተው ልጅ ገና ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን አመድ አስመስለን፣ ፊቷን አስረጅተን፣ አስተኝተን ቀረጽናት። ምስሉ ውብ ነበር። ሳያቀናብሩት እንኳ የሚታይ ነበር። እኔማ በልቤ ሽልማት ተቀብያለሁ። ከዚያ ቀጣዩ ሳምንት ልምምድ ላይ ቪዲዮውን ለቀን ወንድማማቾቹን አስጀመርናቸው።

ጉድ ሆንን። ቀድሞ የተቀረጸ ፊልም ተዋናይን አይጠብቅም። ታላቅየው አንድ ቀን ቃለ ተውኔቱን ፈጠን ያደርጋል፤ ሌላ ቀን ስሜት ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ ላለችው እናት ግን የሱ ነገር ጉዳይዋ አይደለም። ሰዓቷ ሲደርስ ታለቅሳለች። አንዴ ታናሹ "እሷ እኮ ድሮ ሞታለች" የሚለውን ገና ሳይናገረው እንባዋን አወረደችው። ስድቡ ሳይሰደብ ለቅሶው ቀደመ። ሊያዩ የመጡት የክፍል ጓደኞቻችን ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከሷ እኩል ለመድረስ መሯሯጥ ጀመሩ። አንደኛው ዓይኑን እያጮለቀ ስክሪኑን ያያል፤ ሌላው በልቡ ሴኮንድ ይቆጥራል። ትወና የለም፣ አውቶቡስ ጥበቃ ነው።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1958 ብራስልስ በተካሄደው የዓለም ኤክስፖ ላይ የቼክ የቴአትር ሰዎቹ አልፍሬድ ራዶክና ዮሴፍ ስቮቦዳ ላተርና ማጊካ የሚባል ትርዒት አቅርበው ነበር። መድረክ ላይ የቆመችው አስተዋዋቂ ስክሪን ላይ ካሉት የራሷ ምስሎች ጋር ትነጋገር ነበር። ሕዝቡ ጉድ አለ። ስቮቦዳ ግን በኋላ ላይ ራሱ ድክመቱን አልደበቀም፤ ፊልሙ አንዴ ተቀርጾ ያለቀ ስለሆነ በመድረክ ላይ ያለው ሰው የሱ ተከታይ ሆኖ ይቀራል፤ ቴአትር በየምሽቱ የራሱን ትንፋሽ መተንፈሱ ይቀራል። እነሱ ያን ሁሉ ጥበብ ይዘው እንዲህ ካሉ፣ እኛ አንድ ላፕቶፕ ይዘን ምን ልንሆን ነው?

አዘጋጇ ሁለት ቀን ጠፋች። ስትመለስ ቪዲዮውን ጣሉት አለች። ሁለት ቀን የለፋሁበትን! ተኮራርፈን ዋልን። ማታ ላይ ግን ልጅቷን በእውነት አልጋው ላይ አስተኝተን፣ እኔ ካሜራ ይዤ አጠገቧ ተንበርክኬ፣ ግድግዳው ወዲያ ወንድማማቾቹ ተጣሉ። ልጅቷ እየሰማች ነበር። እያስመሰለች አይደለም፣ በጆሮዋ ትሰማለች። ታላቅየው ዝም ሲል ትንፋሿን ያዘች። እሱ ሲጮህ ዓይኗን ጨፈነች። በሌንሱ እያየሁ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ኩርፊያው እዚያ ላይ አበቃ።

ቀጥታ ማድረጉ ሌላ ጣጣ አመጣ። እናትየው አንድ ቦታ ላይ በምርኩዟ ግድግዳውን ትመታለች። ድምፁ ከግድግዳው ጓ ብሎ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ግን ምርኩዙ ገና አየር ላይ ነው! በሴኮንድ 25 ምስል ነበር የምንቀርጸው፤ አንዱ ምስል 40 ሚሊ ሴኮንድ ማለት ነው። ካሜራው ትንሽ ያዘገያል። ገመድ አልባው ማስተላለፊያ ያዘገያል። ምስል መምረጫው ማሽን ያዘገያል። ፕሮጀክተሩም የራሱን ይጨምራል። እጄን ካሜራ ፊት እያጨበጨብኩ አንድ ልጅ እኔንም ስክሪኑንም በስልኩ ቀረጸን። ስንቆጥረው ስድስት ምስል ሆኖ ተገኘ። 240 ሚሊ ሴኮንድ። በወሬ ምንም አይደለም፤ ስታየው ግን እናትየው በሕልም የምትመታ ትመስላለች።

ገመድ አልባውን አስቀርተን በገመድ ገባን። የተለመደው የምስል ገመድ፣ ኤችዲኤምአይ የሚባለው፣ ሲረዝም ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ ኤስዲአይ የሚባለውን፣ ርቀት የሚችለውን፣ 30 ሜትር ተዋስን። መዘግየቱ ወደ ሦስት ምስል ወረደ። ከዚያ በታች እምቢ አለ። ቀሪውን የፈታነው በዕቃ አይደለም። ምርኩዙን መቅረጽ ተውኩት። ግድግዳው ሲመታ ካሜራዬ የእናትየው ፊት ላይ ነው። ምርኩዝ ቢዘገይ ያስታውቃል። ፊት ቢዘገይ ግን ማንም አይከሰውም፤ ሰው ሲደነግጥ እኮ ዱሮም ትንሽ ዘግይቶ ነው።

የመብራቱን ነገር ባጭሩ ላሳልፈው፤ ከመብራት ባለሙያችን ጋር ዛሬም ነገሩ ሲነሳ አንስማማም። ለመድረክ የሌሊት ስሜት ብሎ የለቀቀው ሰማያዊ መብራት በካሜራ ሲታይ ልጅቷን ፕላስቲክ አሻንጉሊት አስመሰላት። የኤልኢዲ መብራቶቹ ደብዘዝ ሲሉ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይሮጣል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። መብራቱ የሚደበዝዘው ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየበራ ስለሆነ ነው። የካሜራውን መዝጊያ (ሸተር) ፍጥነት ስንቀያይር፣ ስንቀያይር፣ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ጠፋ። ሳሎኑን ካበራው ስክሪኑ ይገረጣል፤ ካላበራው ወንድማማቾቹ አይታዩም። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ተነታረክን።

ለጸሐፊው እውነታቸውን ልስጥ። ስክሪን ዓይን ይሰርቃል። ብርሃን ያለበት ነገር ከሌለበት ያሸንፋል፤ ትልቅ ፊት ትንሽ ሰው ላይ ይሠለጥናል። የኛ ስክሪን ወርዱ አራት ሜትር ነው። ልጅቷ ቅንድቧን ስታነሳ አንድ ክንድ የሚያህል ቅንድብ ይነሳል። ታላቅየውን የሚጫወተው ልጅ አንድ ቀን ልምምድ አቋርጦ፣ "እኔ እዚህ እያለቀስኩ ሰው ሁሉ አናቴን አልፎ ነው የሚያየው" ብሎ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አልተሳሳተም። ሥራው 70 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑ 41 ደቂቃ ይበራ ነበር። እየቀነስን፣ እየቀነስን 19 ደቂቃ ላይ አደረስነው። ታላቅየው ስለ አባቱ የሚያወራበት ቦታ ላይ ስክሪኑ ድርግም ይላል። እናትየው እዚያ ሰዓት ምን ፊት እንዳላት እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው።

ስለዚህ ስክሪን በዛ ቢሉኝ እስማማለሁ። ካሜራ ያዦቹ ይደበቁ ሲሉኝ ግን እምቢ።

ምክንያቴን ልንገርዎት። መጀመሪያ ላይ እኛም ተደብቀን ነበር። እኔ ሰው ሳይገባ ከግድግዳው ጀርባ እገባለሁ፤ ሁሉም ሳይወጣ አልወጣም። ከሌላ ክፍል የመጡ ተማሪዎች ልምምዱን አይተው ሲያበቁ አንደኛዋ፣ "ቪዲዮውን የት ሄዳችሁ ነው የቀረጻችሁት?" አለችኝ። ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ሁሉ ገመድ፣ ያ ሁሉ ጉልበቴ ላይ መንበርከክ ለምን ነበር? ቀጥታ መሆኑን ተመልካች ካላወቀ ቀጥታ አይደለም። ልጅቷ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ከግድግዳው ወዲያ እየሰማቻቸው መሆኑን ካላወቀ የኛ ሥራ ከላፕቶፕ ቪዲዮ በምን ይለያል?

አዘጋጇ ቶሎ ለወጠችው። ሥራው ሲጀመር ካሜራዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ገመዴን እየጎተትኩ፣ በሁለቱ ወንድማማቾች መሃል አልፌ፣ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቼ እገባለሁ። እነሱ አያዩኝም። ተመልካች ያየኛል። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ስክሪኑ ይበራና እናትየው ትታያለች። ያኔ ወንበሮቹ ሲንሿሹ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ለንደን ናሽናል ቴአትር ውስጥ ኬቲ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ2006 ባዘጋጀችው ሥራ ላይ ተዋናዮቹ ራሳቸው ካሜራና መብራት እየያዙ፣ ሰው ፊት እርስ በርስ ይቀራረጹ ነበር፤ የእግር ኮቴውን ሳይቀር እዚያው እያስመሰሉ ያሰሙ ነበር። ማንም ጥቁር መጋረጃ አልፈለገም።

ጉዳዬ ያለው ሦስተኛው ምሽት ላይ ነው።

ታናሹ በዚያ ምሽት ሁለት ገጽ ዘለለ። ሁለት ገጽ! ወደ ስክሪኑ የሚያሸጋግረን ቃል ቀድሞ ወጣ፤ የመድረክ መሪያችን ምልክቱን ሰጠች፤ ስክሪኑ በራ። እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ነኝ። እናትየው ግን አልጋው ላይ የለችም። ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ ውኃ እየጠጣች ነው፤ እግሯ ላይ የራሷ ስኒከር ነው። ካሜራውን ወደሷ ባዞር ሥራው ያልቃል። መሬት ባሳይ ገመድ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትራሱ።

ትራሱ ላይ ከእሷ ራስ የቀረ ጉድጓድ አለ። እዚያ ላይ ፎከስ አደረግኩ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኔን አልጋው ላይ ተከልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ወንድማማቾቹ ዝም አሉ፤ ምን እንደተፈጠረ ገብቷቸዋል። አዳራሹም ዝም አለ። ተመልካቾቹን የገባቸው ግን ሌላ ነው። እናትየው የሞተች መስሏቸዋል። አሥራ ሁለት ሴኮንድ፤ በኋላ ቅጂውን አይቼ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ልጅቷ በሆዷ እየተሳበች መጣችና እጇን ብቻ ወደ ምስሉ አስገባች። ጣቶቿ ትራሱን ዳበሱት። አንዲት ሴት ከአዳራሹ "እሰይ" ስትል ሰማኋት።

አራተኛውም አምስተኛውም ምሽት ትራሱ ቀረ። አዘጋጇ ጽሑፉ ላይ ጨመረችው።

አምስተኛው ምሽት ላይ ገምጋሚዎች መጡ። ነጥቡ ከሳምንት በኋላ ተለጠፈ። ተዋናዮቹ በትወና ተመዘኑ፤ ይገባቸዋል። አዘጋጇ በዝግጅት ተመዘነች። እኔ "የቴክኒክ ድጋፍ" የሚል ረድፍ ላይ፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር አብሬ ተገኘሁ። ለፊልም ትምህርቴ ደግሞ አይቆጠርልሽም ተባልኩ፤ ምክንያቱም ፊልም የለም፣ ቴአትር ነው። ወደ ቴአትሩ ስሄድ ትወና የለም፣ ካሜራ ነው። በሁለቱ መሃል ወደቅኩ። ግምገማው ላይ ግን አንድ መስመር ነበረች፤ ባዶውን ትራስ የማሳየት ውሳኔ የላቀ የአዘጋጅነት ብስለት ያሳያል ትላለች። አዘጋጇ ወረቀቱን ይዛ እየሳቀች መጣች። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅኩም።

ዝና ፍለጋ እንዳይመስልብኝ። አምስት ምሽት ሙሉ ከጀርባዬ እየተከተለ ገመድ የሚጠቀልለው ልጅ ከኔም የባሰ ተረስቷል። እሱ አንዴ ቢዘገይ እኔ በአፍንጫዬ ነበር የምደፋው። የምለው ሌላ ነው። መድረክ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው የሚጫወት ሰው ነው። ቃለ ተውኔቱን ያውቃል። ተዋናዩ ሲተነፍስ አብሮ ይተነፍሳል። ሲሳሳት አብሮት ይሳሳታል፣ ወይም ያድነዋል። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ፣ ያን ሁሉ ፊልም ሠርቶ በ76 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኦክላሆማ ሲቲ ያለ ኮሌጅ ገብቶ ከተማሪዎች ጋር የሞከረው ይህንኑ ነው፤ ተዋናዩ እየተጫወተ፣ ምስሉ እየተመረጠ፣ እዚያው ለተመልካች የሚደርስ ሲኒማ። በቀጣዩ ዓመት ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደገመው። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራ ይዞ የቆመ ተማሪ ያን ምሽት ያላበው እንደ ተዋናይ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ከጋዜጣችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ አይታችሁ ስትጽፉ "ካሜራው አሳየን" አትበሉ። ካሜራው እግር የለውም። የያዘውን ሰው ስም ከፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ፈልጉ፤ የመጨረሻው ገጽ ታች፣ በትንሹ የተጻፈው ነው። መጥፎ ከሠራም በስሙ ውቀሱት።

ለደብዳቤው ጸሐፊም አንድ ነገር። አዲስ ሥራ ልምምድ ላይ ነን፤ በዚህኛው ሁለት ካሜራ አለ። ጥቁር አልለብስም። አዘጋጇ አረንጓዴ ሹራብ ፈቅዳልኛለች። ከመጡ ፊት ለፊት ወንበር እናስቀምጥልዎታለን፤ ገመዱ ግን በዚያ በኩል ስለሚያልፍ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ካሜራ ያዧ